ሚና፣ ማልያና ማኖ፤ ከገና ሜዳና ከኳስ ሜዳ ስለ ወጡ ቃላት

የውጭ አገር ሰው ስለ ገና ጨዋታ ሲጠይቀን አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «የኢትዮጵያ ሆኪ ነው» እንላለን። መልሱ ለጠያቂው ይጠቅመዋል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ትንሽ ድቡልቡል ሩር፣ ሁለት ወገን ሆኖ በሜዳ የሚሯሯጥ ሰው ወዲያው በዓይነ ኅሊናው ይታየዋል። ለእኛ ለራሳችን ግን ይህ መልስ ብዙ ነገር ይሸፍንብናል። የገና ጨዋታ የራሱ ቃላት አሉት፤ ከነዚሁም አንዳንዶቹ ከሜዳው ወጥተው በጋዜጣና በቢሮ ዘወትር ሲነገሩ እንሰማለን፤ ከየት እንደ መጡ የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ቃላት ጥቂቶቹን ልንመረምር አስበናል። እንግሊዞችም ከአሮጌው የዱላ ጨዋታቸው ያተረፏቸው ቃላት ስላሏቸው እግረ መንገዳችንን እነርሱን እያነጻጸርን እንሄዳለን፤ የጐረቤትን ቤት አይቶ የተመለሰ ሰው የራሱን ቤት አሠራር የበለጠ ያስተውላልና።

ለመነሻ ያህል «ሆኪ» የሚለውን ቃል ራሱን እንመልከት። አመጣጡ ገና አልጠራም። በአየርላንድ የጎልዌይ ከተማ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1527 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ውስጥ በቆልማማ ዱላ ትንሽ ኳስ መምታት ሲከለከል ለዱላው የተሰጠው ስም «ሆኪ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ብዙዎች የቃሉ የመጀመሪያ ምስክር ይህ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሆኬ» ከተባለ የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል ያወጡታል፤ ትርጉሙም የእረኛ ቆልማማ በትር ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ እኛን ኢትዮጵያውያንን ሳያስገርመን አይቀርም። በአገራችን የሚነገረው ትውፊት የገናን ጨዋታ የሚያያይዘው ከእረኞች ጋር ነውና፤ እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ ይባላል። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ከሌላው ወሰደ ብሎ መደምደም ግን አይገባም። ከብት የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት ሁሉ ቆልማማ በትር አለ፤ በትር ይዞ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የዋለ ልጅ ደግሞ ከፊቱ ያገኘውን ድቡልቡል ነገር ሳይመታ አይውልም።

«ገና» የሚለው ቃል ታሪክ ከሆኪ ይልቅ የጠራ ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ጌና» ማለት በግሪክ ልደት ማለት ነው። ወንጌል፣ ጳጳስ፣ ጠረጴዛ የሚሉት ቃላት ከግሪክ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝም ወደ አማርኛ እንደ ገቡ ሁሉ ይህም ከእነርሱ ወገን ነው። ቤተ ክርስቲያን በዓሉን በግዕዝ «ልደት» ትለዋለች፤ ሕዝቡ ግን በግሪኩ ስም ጠራው፤ ከዚያም በታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ በ28) በሚውለው በዚሁ በዓል የሚጫወቱትን ጨዋታ በዚያው ስም ሰየመው። እንግዲህ አንድ የገበሬ ልጅ «ገና እንጫወት» ሲል ሳያውቀው «ልደት እንጫወት» ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ የስሕተት ትርጓሜ አለ። አንዳንድ ሰዎች የበዓሉን ስም «ገና አልመጣም፣ ገና ነው» ከምንለው ቃል ጋር ያገናኙትና «ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረ» የሚል ምሥጢር ይሰጡታል። ምሥጢሩ ያምራል፤ ጆሮ ግን አይቀበለውም። የበዓሉ ስም «ና» ጠብቆ የሚነበብ ሲሆን ጊዜን የሚያመለክተው ቃል ግን ላልቶ የሚነበብ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ ሁለቱ በወረቀት ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ፤ በአፍ ግን ተደባልቀው አያውቁም። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ ይመለሳልና።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ያደግንባት ሁሩታ ከአዳማ በስተ ደቡብ በአርሲ የምትገኝ፣ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ በገና ሰሞን አዝመራው ከማሳ እየተነሣ ሜዳው ባዶውን ይቀራል፤ ጨዋታው በክረምት ሳይሆን በታኅሣሥ መሆኑ ለገበሬ አገር እንዲህ የተመቸ ነው። በሁሩታ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው አፍ ይነገራሉ። እኛንም ወደዚህ ጥናት የመራን ይኸው ነገር ነው። በኦሮምኛ ይህ የዱላ ጨዋታ «ቂሌ» ይባላል። ቃሉ ከግሪክም ከግዕዝም ጋር አይገናኝም፤ የጨዋታው የራሱ ስም ነው። የሚያስደንቀው ግን በዓሉ ራሱ በብዙ የኦሮሞ አገር «አያነ ቂሌ» ማለትም የቂሌ በዓል መባሉ ነው። በአማርኛ በዓሉ ለጨዋታው ስሙን አበደረ፤ በኦሮምኛ ጨዋታው ለበዓሉ ስሙን አበደረ። አንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ዱላ የሚጫወቱ ጐረቤታሞች ስሙን ከሁለት ወገን ያመጡታል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይምሰል። ጨዋታን በበዓል ስም የሚጠራ ሰው በዓሉ ሲያልፍ ዱላውን ማስቀመጡ አይቀርም፤ በራሱ ስም የሚጠራ ሰው ግን ጨዋታውን ከበዓሉ ለይቶ ሊያስብ ይችላል። ክርስቲያንና ሙስሊም ተጐራብተው በሚኖሩበት እንደ አርሲ ባለ አገርም «ቂሌ» ማንንም ከሜዳ የማያስቀር ስም ነው። የገናን ጨዋታ አመጣጥ የሚጽፉ ሰዎች የአማርኛውን ስም ብቻ ይዘው ጨዋታው ከበዓሉ ተወለደ ሲሉ እናያለን። የኦሮምኛው ስም ግን ዝም ብሎ ሌላ ነገር ይመሰክራል፤ ጨዋታው በዓሉን ሳይጠብቅ በሜዳ የነበረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም።

ከጨዋታው ስም ወደ ጨዋታው ዕቃ ስንሄድ «ሩር» እና «ጥንግ» የሚሉትን እናገኛለን፤ ሁለቱም ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጐንጕኖ የሚሠራው የገና ኳስ ስሞች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአገር አገር ስለሚለያይ በዚህ አንቆይበትም። ይልቅ ግሡን እንመልከት። ሩርን በዱላ መምታት «መለጋት» ይባላል፤ «ለጋ፣ ይለጋል»። እነሆ የመጥበቅና የመላላት ነገር ተመለሰ። «ለጋ ቅቤ»፣ «ለጋ ወጣት» ስንል ቃሉ ላልቶ ይነበባል፤ ትርጉሙም ያልጠና፣ ያልበሰለ ማለት ነው። «ሩሯን ለጋት» ስንል ግን ጠብቆ ይነበባል፤ ከቅቤውም ከወጣቱም ጋር ዝምድና የለውም። በእግር ኳስ ዘመን ደግሞ ልጆች ዱላውን ጥለው ቃሉን አስቀሩት፤ ኳስን በእግሩ የመታም ዛሬ «ለጋ» ይባላል። የጨዋታ ቃል ዕቃው ሲለወጥ አብሮ እንደማይጠፋ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ይህ ነው።

በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። «ባንዲ» የሚባል ቃል አላቸው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ እንደ መጣ የሚታመን ሲሆን መጀመሪያ ኳስን ወዲያና ወዲህ መመላለስን ያመለክት ነበር። በኋላ በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት የሆኪ ወንድም የሆነ ጨዋታና ዱላው ራሱ ባንዲ ተባሉ። ከዱላው ቅርጽም ጕልበቱ ወደ ውጭ የጐበጠ ሰው «ባንዲ እግር» ተባለ። በእንግሊዝ አገር ጨዋታው ዛሬ እምብዛም አይታወቅም፤ በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ስዊድናውያንና ሩሲያውያን ናቸው። እንግሊዞች ግን ኹለት ሰዎች ክፉ ቃል ሲወራወሩ «ቃል ባንዲ ተጫወቱ» እንደ ማለት አድርገው ዛሬም ይናገራሉ። ሼክስፒርም በ«ሮሚዮና ዡልየት» ውስጥ ቃሉን ለነገር መመላለስ ተጠቅሞበታል።

ይህን ስናነብ ወዲያው ትዝ ያለን የራሳችን «እንካ ሰላንቲያ» ነው። እንካ ሰላንቲያ ኹለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ቤት በመምታት የሚሸናነፉበት የቃል ጨዋታ ነው፤ ዛሬም ኹለት መሥሪያ ቤቶች በደብዳቤ ሲዘላለፉ «እንካ ሰላንቲያ ገጠሙ» ይባላል። ጨዋታው የሚከፈተው «እንካ» በሚለው ጥሪ ነው። «ቴኒስ» የሚለው ቃልም እንደ ብዙዎቹ ሊቃውንት አስተያየት ከፈረንሳይኛ «ትኔ» የመጣ ነው፤ ይኸውም ኳሱን የሚጀምረው ሰው ለተጋጣሚው «ያዝ! እንካ!» ብሎ የሚጮኸው ጩኸት ነው። እነርሱ ለኳስ የጮኹትን እኛ ለቃል ጮኽነው። ደግሞም አማርኛ ከዚህ ይልቃል እንላለን፤ «ጨዋታ» የሚለው ቃላችን ራሱ የሜዳውንም የአፉንም አንድ አድርጎ ይዟልና። «እስቲ ጨዋታ አምጡ» ስንል ኳስ አምጡ ማለታችን አይደለም።

የገና ሜዳም ኹለቱን ጨዋታዎች አንድ ላይ ይዞ የኖረ ነው። ሩሯ ከተለጋች በኋላ አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይሰድባል። ሎሌው ጌታውን፣ ጭሰኛው ባለ ርስቱን ቢነካ በዚያ ቀን አይጠየቅም ነበር፤ በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረውን የታወቀ አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። አባባሉ ሕግ ነው ማለት ይቻላል፤ ያውም ያልተጻፈ ሕግ። ይህ ሕግ የሚጸናው ግን ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነውና ከዚህ ወደ ዋናው ቃላችን እንሻገራለን።

ቃሉ «ሚና» ነው። በገና ጨዋታ ሚና ማለት ወገን፣ ተጫዋቹ የተሰለፈበት ጎራ ማለት ነው። በአንድ የገና ሜዳ ላይ የሰው ቍጥር የተወሰነ አልነበረም፤ መንደር ከመንደር፣ ያገባ ካላገባ ሲገጥም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ሁሉም የሚለብሰው ያንኑ ነጭ የአገር ልብስ ስለ ሆነ በመልክ ካልሆነ በቀር ጠላትና ወዳጅ አይለይም። ስለዚህ «ሚናህን ለይ» ይባላል፤ ወዴት ወገን እንደ ሆንህ አስታውቅ ማለት ነው። በአሜሪካ «ሺኒ» በሚባለው የልጆች የዱላ ጨዋታም ይህንኑ የሚመስል ጩኸት አለ፤ ወደ ሌላው ወገን ተሻግሮ ዱላውን የሚሰነዝረውን ልጅ «በራስህ በኩል ሺኒ ተጫወት!» ይሉታል፤ እምቢ ካለም ቅልጥሙን በዱላ ይነኩታል። ይህም ጩኸት እንደኛው ከሜዳ ወጥቶ «የራስህን ሥራ ያዝ፣ ከወገንህ አትለፍ» የሚል አነጋገር ሆኗል።

ዛሬ «ሚና» በኹለት መንገድ ይኖራል። አንደኛው «ሚናውን ያልለየ»፣ «ሚናህን ለይ» በሚሉት አነጋገሮች ነው፤ እዚህ ላይ ቃሉ የጥንት ትርጉሙን ሳይለውጥ እንደ ያዘ ነው። ኹለተኛው ግን «ከፍተኛ ሚና ተጫወተ»፣ «ሚናውን ተወጣ» የሚለው የጋዜጣና የስብሰባ ቋንቋ ነው። በዚህ ጊዜ ሚና ወገን መሆኑ ቀርቶ ድርሻ፣ ተግባር ሆኗል። በእኛ አስተያየት ይህ የመጣው ከውጭ ቋንቋ በመተርጐም ነው፤ የእንግሊዝኛው «ሮል» ከቲያትር የመጣ ቃል ሲሆን ተርጓሚው ለሱ የሚሆን ሲፈልግ ከመጫወት ጋር የተያያዘውን ሚና አግኝቶ አለበሰው። እንዲህ ያለ ነገር በማንኛውም ቋንቋ ይደርሳልና አንነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ችግር አስከትሏል። ቃሉን ድርሻ ነው ብሎ የተማረ ወጣት «ሚናህን ለይ» ሲባል «ሥራህን ምረጥ» የተባለ ይመስለዋል። አነጋገሩ ግን የሥራ ምክር አይደለም። ከሜዳ ውጭ ሲነገር ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከእኛ ነህ ወይስ ከእነርሱ? የሚል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንላለን። በሜዳው ላይ ሚና የሚቆየው ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው፤ ማታ ሁሉም አንድ ቤት ገብቶ ከአንድ ገንቦ ይጠጣል። ቃሉ ከሜዳ ሲወጣ ይህ የማታው ክፍል አብሮት አልወጣም።

ሚና ብቻውን አልቀረም፤ የእግር ኳስ ዘመን ተካፋይ አመጣለት። «ማልያ» የሚለው ቃል የጣልያንኛ ነው፤ የሹራብ፣ የስፖርት ልብስ ስም ነው። በማልያ የሚጫወት ሰው ሚናውን በአፉ መለየት አያስፈልገውም፤ ቀለሙ ይለይለታል። ስለዚህ ወገኑን የለወጠን ሰው ዛሬ «ማልያ ቀየረ» እንለዋለን። «ሚናውን አልለየም» እና «ማልያ ቀየረ» የኹለት ዘመን ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው ልብስ ሁሉ አንድ ከነበረበት ሜዳ፣ ኹለተኛው ቀለም ከሚለይበት ሜዳ የመጡ ናቸው።

ከጣልያንኛ የመጡት የኳስ ቃላት ብዙ ናቸው። የጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) እና ከዚያም በኋላ በአገራችን የቀሩት ጣልያኖች ለዚህ ምክንያት እንደ ሆኑ ይታመናል። «ካልቾ» በጣልያንኛ ርግጫም የእግር ኳስ ስምም ነው፤ በአማርኛ ግን ከኳሱ ይልቅ ለጠብ ሆነ፤ «በካልቾ አለው» ይባላል። «ቴስታ» ራስ ማለት ነው፤ በሰፈራችን የታወቀው በራስ መምታት ነው፤ እርሱም ከኳስ ይልቅ አፍንጫ ላይ ያርፋል። «ሪጎሬ» ጥብቅነት፣ ጥብቅ ቅጣት ማለት ሲሆን የሰፈር ልጆች የቅጣት ምቱን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከሁሉ ይልቅ ሩቅ የሄደው «ማኖ» ነው። በጣልያንኛ እጅ ማለት ነው፤ ኳስ በእጅ ሲነካ የሚጮኹት ነው። ዛሬ ግን ኳስ ነክቶ የማያውቅ ጸሐፊ በሒሳብ መዝገብ ላይ ቢሳሳት «ማኖ ነካ» ይባላል፤ ሌላውን ወደ ስሕተት የገፋም «ማኖ አስነካው» ይባላል። እንደ እንግሊዞች ባንዲ ሁሉ ቃሉ የተወለደበትን ሜዳ ለቆ ራሱን ችሎ ይኖራል። ከእንግሊዝኛ የመጡት ጎል፣ አውት፣ ፋውልና የመሳሰሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜዳቸው ላይ ቀርተዋል። የጣልያንኛዎቹ ከሰፈር ልጅ ወደ ሰፈር ልጅ በአፍ የተላለፉ፣ የእንግሊዝኛዎቹ ደግሞ በአብዛኛው በትምህርት ቤትና በራዲዮ የመጡ በመሆናቸው ይሆናል ብለን እንገምታለን።

ወደ ጎልዌይ ደንብ አንድ ጊዜ ብንመለስ አይከፋም። ያ የ1527ቱ ደንብ የትንሿን ኳስ የዱላ ጨዋታ ሲከለክል አንድ ጨዋታ ብቻ ፈቅዶ ነበር፤ እርሱም ትልቁ የእግር ኳስ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ የለም፤ እንዲያውም ገና በባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከታወቁት ጨዋታዎች አንዱ ሆኖ በየጊዜው ውድድር ይደረግበታል። ይሁን እንጂ እንደ ሁሩታ ባለች ከተማ ልጅ በየቀኑ የሚጫወተው እግር ኳስ ነው፤ ገና በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ከተገኘ ነው። ውድድሩ ጨዋታውን በሕይወት ያቆየው ይሆናል፤ ቃላቱን ግን ሁሉ ያቆያል ብለን አናምንም። በደንብ የተወሰነ ሜዳ፣ ቁጥር የተሰፋበት ማልያና የዳኛ ፊሽካ ባለበት «ሚናህን ለይ» ብሎ የሚጮኽ አያስፈልግም። ከጨዋታው በኋላ ጌታን የሚሰድብ ግጥምም በፕሮግራሙ አይገባም።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች አንድ ነገር እናሳስባለን። ለበዓል ወደየአገራችሁ ስትሄዱ የገናን ቃላት ስትጽፉ በፊደሉ ብቻ አትመኑ፤ የሚጠብቀውን ፊደል ከላዩ ነጥብ አድርጉበት፤ «ለጋ» ያለ ነጥብ ከመጣልን ቅቤ ይሁን ዱላ አናውቅምና። የአማርኛውን ስም በጠየቃችሁበት ሜዳ ላይ የኦሮምኛውን፣ በሌላም አገር የሌላውን ቋንቋ ስም ሳትጠይቁ አትመለሱ። የሩሯን ስም ብቻ ሳይሆን የተሠራችበትን እንጨት፣ የዱላውን ጫፍ ስም፣ ሩሯ ከመስመር ስትወጣ የሚባለውን፣ ጨዋታው ሲጀመር የሚጮኸውን ጩኸት ጻፉ። በሁሩታ ዙሪያ ካሉት መንደሮች ይህን ለመሰብሰብ እኛ ጀምረናል፤ ቂሌ የሚለው ስም ለጨዋታው ብቻ ነው ወይስ ሩሯም በዚያ ስም ትጠራለች የሚለውን ጥያቄ በመጪው ታኅሣሥ በሜዳው ላይ ሆነን እንጠይቃለን።